የዘውዱ ክንድ

በሾላው ሸለቆ ሥርዓት ነበረ። አንበሳው ዓለቱ ላይ ተጋድሞ ይነግሣል። ጅብ በጅሮንድ ተብሎ የንጉሡን ግምጃ ቤት ይጠብቃል፤ ማለትም ከግምጃ ቤቱ ይበላል። ቀበሮ ጸሐፌ ትእዛዝ ተብሎ ጅብ የበላውን በመልካም ቃል ይጽፋል። የቀረው ይሰማል። መስማትም ሥራ ከሆነ፣ በሸለቆው ሥራ ፈት አልነበረም።

አንበሳው ቤት የለውም፤ አያስፈልገውም። ዝናብ ሲመጣ ከዓለቱ ሥር ይገባል፤ ዓለቱም እንደ ሌላው ሁሉ ይታዘዘዋል። በጅሮንድ ጅብም ቤት ገዝቶ አያውቅም። ሰፊ ዋሻ ከአባቱ ወርሷል፤ አባቱ ከአያቱ፤ አያቱ ደግሞ ከአንድ የከርከሮ ቤተሰብ በአንድ ምሽት። እንዴት እንደ ወረሰው የሚጠይቅ የለም፤ ሊጠይቁ የሚችሉት የዚያኑ ምሽት አብረው ተበልተዋልና። ግራዝማች ከርከሮ የሟቾቹ ዘመድ ነው፤ ነገር ግን ከበጅሮንድ ጋር በአንድ ማዕድ ስለሚቀመጥ ጉዳዩን ማንሣት ነውር ይመስለዋል።

ስለ ቤት ሕግ የሚያወጡት እነዚህ ነበሩ። ቤት የሚገዙት ሌሎች ናቸው።

ቤት የሚሠራው ግን አንድ ብቻ ነበር፤ አባ ዛቄ የሚባል አዋልዲጌሳ። ጆሮው የአህያ፣ አፍንጫው የአሳማ፣ ጥፍሩ የዶማ ነው፤ ምግቡ ምስጥ ነው። ስለዚህ ቤት የሚሻ እንስሳ አስቀድሞ ኩይሳ ይሻል። ማንም ያልነካው የምስጥ ኩይሳ ሲያገኝ አናቱ ላይ ምልክቱን ይተክላል፤ ምስጡ እስኪበዛ ድረስም ከሌላ አፍ ይጠብቀዋል። ሲደርስ አባ ዛቄን መርቶ ይወስደዋል። አባ ዛቄ በልቶ ይጠግብና አፍንጫውን ይጠርጋል፤ ከዚያ አሥር ክንድ ቤት ይቆፍራል። ሁለት የደረሰ ኩይሳ፣ አንድ ቤት። ዋጋው ከአያቶች ጊዜ ጀምሮ ይኸው ነበር።

ርክክብም አለው። ገዢው ፊቱን ወደ ውስጥ አዙሮ በኋላ እግሩ አፈር ወደ ጉድጓዱ አፍ ይገፋል፤ ደፍ ይሠራል። ከዚያ ወዲያ ፀሐይ ባዘቀዘቀች ቁጥር ደፉን ከፍ ያደርጋል፤ ጎርፍ የሚመለሰው በእሱ ነው። ደፍ የሌለው ጉድጓድ በበጋ ቤት፣ በክረምት ገንዳ ነው።

«ቤትን ቤት የሚያሰኘው ደፉ ነው፤ ሌላው ቀዳዳ ነው» ይል ነበር ጋሽ ወስፌ።

ጋሽ ወስፌ ጃርት ነበር። አሁን የለም። ሚስቱ እትዬ ማንጠግቦሽ ይህን ቃሉን ለልጆቿ ስትደግመው ድምፁን ልታስመስል ትሞክራለች፤ ግን አይሆንላትም።

ሁለቱ ከተጋቡ ጀምሮ የኖሩት በግራዝማች ከርከሮ ጉድጓድ የኋላ ጓዳ በኪራይ ነው። ኪራዩን ሥራ ሥር እየማሱ ይከፍላሉ፤ በትርፍ ጊዜያቸው ኩይሳ ይጠብቃሉ። አንዱ ኩይሳ ከዋንዛው ሥር፣ ሁለተኛው ከጅረቱ ማዶ ነበር። ወስፌ በየአናታቸው ከራሱ ጀርባ የነቀለውን ረጅም እሾህ ተክሎባቸዋል። የአንዱ ምስጥ ደርሷል፤ የሁለተኛው ሊደርስ ጥቂት ቀርቶታል።

ባለፈው ነሐሴ ግራዝማች «ዘመዶች መጡብኝ፤ ለጥቂት ቀን ውጡልኝ» አላቸው። ዝናቡ ሳያባራ ወጡ። ወስፌ ቁጥቋጦ ሥር ቆሞ እሾሁን እንደ ጎጆ ክዳን ዘርግቶ ሚስቱንና ሁለቱን ልጆቹን አስጠለለ፤ ውሃው በእሾሁ እየተንቆረቆረ ወረደ፤ እሱን ግን የሚያስጠልለው አልነበረም። ብርድ መታው። መስከረም ሳይጠባ ሞተ። ግራዝማች ከርከሮ ለቅሶ ደርሶ ከሁሉም በላይ ጮኾ አለቀሰ፤ እትዬ ማንጠግቦሽንና ልጆቿን ወደ ጓዳው መለሳቸው፤ አርባው እስኪወጣም ኪራይ አልጨመረም። ይህን ቸርነቱን ራሱ ይናገረው ነበር።

እትዬ ማንጠግቦሽ ከዚያ ወዲህ ኩይሳውን ብቻዋን ጠበቀች። ሌላ ነገር አልተመኘችም፤ ክረምቱ ሳይመለስ ልጆቿን በራሷ ደፍ ውስጥ ማስገባት ነበር የምትፈልገው።

በዚያው በጋ የንጉሡ ልጅ ጎፈር ማብቀል ጀመረ። በአንገቱ ዙሪያ ጥቂት ጠጉር ታየች። ሊቃውንቱ ጎፈር ናት አሉ፤ ለጎፈሯም ድግስ ይገባል ተባለ። በጅሮንድ ጅብ ግምጃ ቤቱን ከፈተ፤ ግምጃ ቤቱ ባዶ ነበር። ማን እንደ በላው ይጣራ ተባለና አጣሪ ሆኖ ጅብ ተሾመ። ጅብም አጣርቶ፣ የሸለቆው ሕዝብ ጉድጓድ ሲሻሻጥ ለዘውድ ምንም የማይከፍል መሆኑን ደረሰበት።

ስለዚህ ሕዝቡ ከሾላው ሥር ተጠራ።

ጸሐፌ ትእዛዝ ቀበሮ ጉሮሮውን ጠራረገ። «ወገኖቼ! ጉድጓድ ስትቆፍሩ የማንን ምድር ነው የምትቆፍሩት? የንጉሣችንን። ምድሩ የንጉሥ ከሆነ የእናንተ ምኑ ነው? ጨለማው ብቻ። ንጉሣችን እስከ ዛሬ ምድሩንም ጨለማውንም በነጻ ሰጥተዋችሁ ኖሩ። ከፊታችን ካለው ከመጀመሪያው ነጎድጓድ ጀምሮ ግን፣ ከሚሸጥ ጉድጓድ ሁሉ ከአሥር አንዱ ለዘውድ ግብር ይሆናል።»

ሸለቆው አጉረመረመ። ያን ጊዜ ግራዝማች ከርከሮ አንድ ቀን አስቀድሞ የተነገረውን ጥያቄ አሁን እንደ መጣለት አድርጎ ጠየቀ።

«ጸሐፌ ትእዛዝ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ግብሩን የሚከፍለው ማነው? ሻጭ ነው ወይስ ገዢ?»

«ሻጭ!» አለ ቀበሮ።

እልልታው ቀለጠ። ጥንቸሎች ዘለሉ። ጥርኞች ተቃቀፉ። ሁሉም ዞሮ አባ ዛቄን ተመለከተው፤ ከጥፍሩ በቀር ሀብት የሌለው አባ ዛቄ በዚያች ቅጽበት በዓይናቸው ባለጠጋ ሆነ። «ይክፈላ! ስንቱን ኩይሳ ውጧል!» አለ አንዱ። «ሆዱን አያችሁት?» አለ ሌላው። አባ ዛቄ ጆሮውን አጥፎ መሬት መሬት አየ።

ኤሊ ከፊት ረድፍ አንገቷን አወጣች። «በጅሮንድ፣ ቤቴን ተሸክሜ የምዞር እኔስ?»

«ስትሸጪ ትከፍያለሽ» አለ ጅብ።

«ከሸጥኩትማ በምን ገላዬ መጥቼ ልክፈል?»

ሳቅ ሆነ። በዚህ መካከል እትዬ ማንጠግቦሽ ተነሣች። እሾኋ ሲንሿሿ የቅርቦቹ ራቅ አሉላት።

«አባ ዛቄ የሚያገኘው ከእኛ ነው» አለች። «ሌላ ገቢ የለውም። ከአሥር አንድ ክፈል ስትሉት ከየት ያመጣዋል? እኛው ላይ አይደል የሚጨምረው?»

በጅሮንድ ጅብ አንገቱን ሰበቅ አድርጎ አያት። «ይቺ ደግሞ የማን ናት?»

«የወስፌ ሚስት ነበረች» አለ ግራዝማች።

«ነበረች!» አለ ጅብ፤ ቃሉ ጣፈጠው። «እትዬ ነበረች፣ አንቺ ሻጭ ነሽ?»

«ገዢ ነኝ።»

«ሕጉ የሚለው ሻጭ ነው። ታዲያ ምን ጥልቅ አደረገሽ?»

ብሎ ሳቀ። ጅብ ሲስቅ ሸለቆው ይስቃል፤ ጥንቸሎችም ሳቁ፤ በማግሥቱ ቤት ሊገዙ ያሰቡት ሁሉ ሳቁ። ከጅብ ጋር የሚስቅ ጥንቸል ጥርስ ማየቱን እንጂ የማን ጥርስ መሆኑን አያስተውልም። እትዬ ማንጠግቦሽ ተቀመጠች። ጉባኤው እስኪመሽ ድረስ ስለ ሻጭና ስለ ገዢ ተነጋገረ፤ የጥርኞቹ ሽማግሌ ሁለት ጊዜ አመሰገነ፤ ጉባኤውም ተበተነ። አሥረኛው ክንድ ከየትኛው ጫፍ እንደሚወሰድ የጠየቀ ግን አንድም አልነበረም። እትዬ ማንጠግቦሽ ራሷም አልጠየቀችም።

በማግሥቱ ጠዋት ትላንት ያጨበጨበው ሁሉ ግብሩ ሳይጀምር ልግዛ ብሎ ወደ አባ ዛቄ ሮጠ። ሻጭ ነው የሚከፍለው ብለው እልል ያሉት እግሮች፣ ያን ያህል ያስሮጣቸው ምን እንደ ሆነ አልጠየቁም። እትዬ ማንጠግቦሽ የዋንዛውን ኩይሳ ተመልክታ ስትደርስ ሰልፉ ጅረቱን ተሻግሯል። ከሰልፉ ፊት ግራዝማች ከርከሮ ቆሟል። ቤት ያለው ቢሆንም ቤት ሊገዛ መጥቷል።

ተራዋ ደርሶ አባ ዛቄ ሲያያት አፈረ።

«እትዬ፣ ሁለት አይሆንም።»

«ትላንትና እኮ ሁለት ነበር፣ አባ።»

«ትላንትና ነበር። ዛሬ ግራዝማች በአንዱ አራት አራት ሰጠኝ። አምስት ጉድጓድ አዘዘኝ፤ ኩይሳውን ሁሉ ከያለበት አስጠብቆ ኖሯል። እኔ አልጠየቅሁትም፤ ራሱ ነው የጨመረው። አሁን ለአንቺ በሁለት ብቆፍር እነዚህ ይበሉኛል።»

«እሱ አምስቱን ምን ያደርጋቸዋል?»

አባ ዛቄ ጆሮውን ቆላ። «ምንም። ባዶ ያስቀምጣቸዋል። ሲወደድ እሸጣለሁ ነው የሚለው።»

እውነትም ባዶ አስቀመጣቸው። ሜዳው ላይ አምስት አዲስ አፎች ተከፈቱ፤ የጥንቸል ልጆች አጠገባቸው ቁጥቋጦ ሥር ያድሩ ነበር። እትዬ ማንጠግቦሽ ራሷን አጽናናች፤ ነጎድጓዱ ሲመጣ ሩጫው ይበርዳል፤ ዋጋው ወደ ቦታው ይመለሳል አለች። ወስፌ ቢኖር እንደዚሁ ይል ነበር። ወስፌ ግን ሁልጊዜ ትክክል አልነበረም፤ ግራዝማችን ደግ ሰው ይለው ነበር።

ነጎድጓዱ መጣ። ሩጫው በረደ። ዋጋው ከአራት ወረደና ሦስት ላይ ቆመ፤ ከዚያ ወዲህ ማንም ሁለት ሲሆን አላየውም። አሮጌ ጉድጓድ የሚሸጥም ጠፋ። ቤት ያለው ቤቱ ቢጠበውም፣ ቢሰፋውም አይወጣም፤ ከሸጥኩ ይቆረጥብኛል ብሎ እዚያው ተቀመጠ። የሚጋቡት በየቁጥቋጦው ተጋቡ።

ከነጎድጓዱ በኋላ መጀመሪያ የገዛው አንድ የጥርኝ ቤተሰብ ነበር። በጅሮንድ ጅብ ከጸሐፌ ትእዛዝ ጋር ግብር ሊቀበል ወረደ። አባ ዛቄ ያለውን አቀረበ፤ የምስጥ ክምር። ጅብ ቀመሰና ተፋው።

«ይህ ለዘውድ ይበላል? ክንዱን ራሱን እንወስዳለን። ጉድጓዱ አሥር ክንድ ከሆነ አንዱ የዘውድ ነው።»

«ከየትኛው ጫፍ?» አለ ጥርኙ ድምፁ ቀጥኖ። ጥያቄው መጣ፤ ዘግይቶ መጣ።

ጅብ ወደ ጉድጓዱ ጨለማ አየ። ቀጥሎ አፉን አየ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ እሱም አላሰበበትም ነበር።

«ከአፉ» አለ።

ቀበሮ ጻፈ። ጨምሮም በቃል አስረዳ። «ስለዚህ የመጀመሪያው ክንድ የዘውድ ምድር ነው። በዘውድ ምድር ላይ አፈር መግፋት፣ መከመር፣ መርጨት ክልክል ነው።»

«ደፉስ? ክረምት ሲመጣ ምን እንሆናለን?»

«ክረምቱን ግምጃ ቤቱ ያስብበታል» አለ ጅብ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በጅሮንድ ምሽት ምሽት በአዳዲሶቹ ቤቶች አፍ ላይ እየዞረ ይቀመጥ ጀመር። ክንዱ የዘውድ ነው፤ ዘውዱም እሱ ነው። ወደ ቤቱ የሚገባ ሁሉ አንዳች ነገር ጣል ሳያደርግለት አያልፍም። ጥርኞቹ ጠዋት ጠዋት ሲገናኙ «ምንም ቢሆን የከፈለው ሻጭ ነው» ይባባላሉ።

አንድ ቀን ግራዝማች ከርከሮ ከጓዳው በር ላይ ቆመ።

«እትዬ ማንጠግቦሽ፣ ኪራዩ ላይ ትንሽ መጨመራችን ነው።»

«ምነው ግራዝማች?»

«ግብር መጥቶ የለ?»

«ግብሩ በሻጭ ላይ ነው። እርስዎ ይህን ቤት መች ሸጡት?»

«አልሸጥኩትም። ብሸጠው ግን እከፍል ነበር። ያን እያሰብኩ እንቅልፍ አጣሁ እኮ» አለና ተነፈሰ። «ካልሆነም የምትወጪበትን ቀን ንገሪኝ። ክረምቱ ሳይገባ ቢሆን ለአንቺም ይሻላል፤ ለልጆቹ አስቢ።»

ባሏን በነሐሴ ዝናብ ያስወጣባት ይኸው አፍ ነበር። እሾኋ ተነሣ፤ ልጆቿን አየችና መልሳ አስተኛችው።

ወደ አባ ዛቄ ሄደች። ያለኝ ሁለት ነው አለችው። ከዋንዛው ሥር ያለው ደርሷል፤ የጅረቱም ደርሷል፤ ሦስተኛ የለኝም።

«እትዬ፣ ሦስት የምለው ሆዴ ሰፍቶ አይደለም። ድሮ አሥር እቆፍር ነበር። አሁን ገዢው አሥሩን ሙሉ ይፈልጋል፣ ዘውዱ ደግሞ አንድ ይወስዳል፤ ስለዚህ አሥራ አንድ እቆፍራለሁ። ደግሞ አፉ ነው አስቸጋሪው፤ ላይኛው አፈር በፀሐይ የደረቀ ድንጋይ ነው። ጥፍሬን ተመልከቺው።»

ተመለከተችው። ከዚያ የራሷን ተመለከተች።

«እንግዲያ አሥሩን እርስዎ ይቆፍሩልኝ» አለች። «የዘውዱን ክንድ እኔ እቆፍረዋለሁ።»

አባ ዛቄ ሁለቱን ኩይሳ በላ። እሷ የባሏን ሁለት እሾሆች ከአናታቸው ነቅላ ያዘች። ቤቱ ከዋንዛው ሥር ተዳፋቱ ላይ እንዲሆን መረጠች። አስቀድማ የዘውዱን ክንድ በደረቁ አፈር ላይ ጀመረችው። ጃርት ሥራ ሥር ለመማስ የተፈጠረ ነው እንጂ ዓለት የሚፈነቅል አይደለም፤ ጥፍሯ ተሰነጠቀ፣ ተላጠ፣ ደማ። ሻጭ ይከፍላል ተብሎ እልል የተባለለት ግብር ይኸው ነበር። በገላዋ ልክ ቆፈረች፤ እሾኋን አስተኝታ በምታልፍበት ስፋት፣ ከዚያ በአንድ ጣት እንኳ የማይበልጥ። ለዘውዱ የሚበልጥ ስፋት ለምን ትቆፍራለች? አባ ዛቄም በዚያች ጠባብ አፍ እንዳይቸገር ከተዳፋቱ በላይ በኩል ገብቶ አሥሩን ክንድ ቆፈረ፤ ሲጨርስም የገባበትን መልሶ ደፈነው።

በጅሮንድ ጅብ መጣ። ክንዱን ዘርግቶ የመጀመሪያውን ክንድ ርዝመት ለካ። ልክ ነው። ስፋቱን አልለካም፤ ሕጉ ስለ ስፋት አይናገርም።

እትዬ ማንጠግቦሽ ልጆቿን አስገባች። ፊቷን ወደ ውስጥ አዞረችና በኋላ እግሯ አፈር ገፋች፤ ነገር ግን የዘውዱን ክንድ አልነካችም። ደፏን የሠራችው ሁለተኛው ክንድ በሚጀምርበት፣ በራሷ ምድር ላይ ነው። ከደፉ ላይ የባሏን ሁለት እሾሆች ግራና ቀኝ ተከለች።

ጅብ አንገቱን አስገብቶ አየና ሳቀ። «ደፍ ቤት ውስጥ! ይቺ ሴትዮ እውነትም የወስፌን ሞት አልቻለችውም።»

ወሬው ሸለቆውን ዞረ። ጥንቸሎች «ደፏን የዋጠችው» ይሏት ጀመር። ጥርኟ ጎረቤቷ ልታጽናናት መጥታ «እትዬ፣ እንዲያው ለሰው ዓይን እንኳ ቢሆን አፍርሺው፤ ሰው ይስቃል» አለቻት።

«ይሳቅ» አለች። ፀሐይ ባዘቀዘቀች ቁጥር ደፏን ከፍ ማድረጓንም አልተወችም።

ሐምሌ ገባ። አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ሰማዩ ከተራራው በኩል ጠቆረ፤ ዝናቡ ከሸለቆው ሳይደርስ ጎርፉ ቀድሞት ደረሰ። አፈር አይነካም የተባለው አፍ ሁሉ ውሃውን ተቀበለ። ጥርኞች ልጆቻቸውን በአፋቸው አንጠልጥለው ሾላው ላይ ወጡ፤ ሁሉም ግን አልወጡም። ከጥንቸሎቹ መካከል ያ ሁሉ ዝላይ የት እንደ ገባ እንጃ፣ ብዙዎቹ እዚያው ቀሩ። የግራዝማች ባዶ ጉድጓዶች ማንም ደፍ አላነሣባቸውምና ሞልተው ተደረመሱ፤ ሜዳው በአምስት ቦታ ጎደጎደ። ግራዝማች ራሱ ከአሮጌው ቤቱ ደፍ ኋላ ተቀምጦ ነበር። ያን ደፍ ለዓመታት ከፍ ያደረገለት ተከራዩ ወስፌ ነው።

የበጅሮንድ ዋሻ ደፍ ኖሮት አያውቅም። ከአያቱ ጀምሮ የወረሰ ሁሉ ገባበት እንጂ አፈር የገፋበት የለም። ውሃው አስወጣው። ዛፍ አይወጣም፤ ዓለቱ ሥር ንጉሡና ልጁ ስላሉ ቦታ የለም ተባለ። እየተንሸራተተ ተዳፋቱን ወጣና ከዋንዛው ሥር ደረሰ።

«ክፈቺ!» አለ።

«አፉ የእርስዎ አይደል? ማን ዘጋብዎት?» አለች ከውስጥ።

ጅብ ራሱን አስገባ። አንገቱ ገባ። ትከሻው ላይ ቆመ።

«ጠባብ ነው!»

«ክንድ ሙሉ ነው። ራስዎ ለክተውታል።»

«ደፉን አፍርሺው፤ ወደ ውስጥ ልሳብ!»

«ደፉ ሁለተኛው ክንድ ላይ ነው፣ በጅሮንድ። ከሁለተኛው ወዲህ ያለውን ሕጉ የእኔ ነው ይላል።»

ልጆቿ ከጀርባዋ ተጠግተዋታል። «እማዬ፣ ማነው?» አለ ትንሹ።

«የንጉሥ ሹም ነው። ምድሩ ላይ ተቀምጧል።»

ጅብ በጥፍሩ ደፉን ሊጭር እጁን ለመስደድ ሞከረ፤ ከራሱ ጋር እጁን የሚያሳልፍ ስፋት አልነበረም። እትዬ ማንጠግቦሽ ጀርባዋን አዞረችለት። እሾኋ ሁሉ ተነሣና ደፉን ከጣራው ጋር አጋጠመው፤ ከፊት ግራና ቀኝ የወስፌ እሾሆች ቆመዋል። ጅብ ትንፋሹን ሳበ። ውሃው ከውጭ ወገቡን ሲመታው ሰማችው።

«እትዬ ማንጠግቦሽ!» አለ። ስሟን ሲጠራ የመጀመሪያው ነበር። «እባክሽ፣ እኔ ክንዴ ውስጥ ነኝ፤ የቀረው ገላዬስ?»

እትዬ ማንጠግቦሽ ነሐሴ ትዝ አላት፤ ቁጥቋጦው ሥር የቆመው ወስፌ፣ ውሃ በእሾሁ እየተንቆረቆረ የወረደበት፣ «አይዞሽ፣ ያባራል» ያለው። አላባራም ነበር።

«የቀረውን» አለች «ግምጃ ቤቱ ያስብበታል።»

ሲያባራ ወጥታ ስታይ የዘውዱ ክንድ ባዶ ነበር፤ ጥቂት ዥንጉርጉር ጠጉር ግድግዳው ላይ ተጣብቆ ቀርቷል። ደስ አላላትም። ጠጉሩን አልጠረገችውም፤ በዘውድ ምድር ላይ ያለ ነገር አይነካም።

መስከረም ሲጠባ ሕዝቡ ከሾላው ሥር ተጠራ። የተረፈው መጣ። ቀበሮ በሥራ ላይ እንዳሉ ስለ ተሰዉት በጅሮንድ ረጅም ንግግር አደረገ፤ ጥርኞቹ አለቀሱ። ቀጥሎ አዲሱ በጅሮንድ ግራዝማች ከርከሮ መሆናቸው ተነገረ። ከዚያ ቀበሮ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ሕዝቡ ስለ ደፉ ያሰማው አቤቱታ ተሰምቷል። ንጉሣችን መሐሪ ናቸው። ከእንግዲህ የዘውዱ ክንድ ከአፉ አይወሰድም። ከውስጠኛው ጫፍ ይወሰዳል፤ ልጆች ከሚተኙበት በኩል። ጎርፉም በግምጃ ቤቱ ላይ ጉዳት ስላደረሰ ከአሥር ሁለት ሆኗል።»

ከኋላ አንድ ጥንቸል፣ ወንድሞቹን ሁሉ ጎርፍ የወሰደበት፣ እጁን አነሣ።

«ማነው የሚከፍለው?»

«ሻጭ!» አለ ቀበሮ።

ሸለቆው በጭብጨባ ተናጋ። እትዬ ማንጠግቦሽ ብቻ አባ ዛቄ ዘወትር ጆሮውን አጥፎ ወደሚቀመጥበት ቦታ ዞራ ተመለከተች። ቦታው ባዶ ነበር። የዶማ ጥፍር ዱካ ወደ ተራራው ወጥቶ ማዶ ተሻግሯል፤ ከጭቃው መድረቅ ሲታይ ቆይቷል። ሻጩ የለም። ለማን እንደሚያጨበጭቡ ያየ አልነበረም።

«እትዬ፣ ጥያቄ አለሽ?» አላት ቀበሮ፤ ባለፈው የሆነውን አልረሳም።

አንዴ አፏን ከፈተች። ፊቶቹን አንድ በአንድ አየቻቸው፤ ሊስቁ ተዘጋጅተው ነበር።

«የለኝም» አለች።

ተነሥታ ዳገቱን ወጣች። ፀሐይ አዘቅዝቃለች፤ ደፉ ይጠብቃታል። ጭብጨባው አላቆመም፤ እስከ ዋንዛው ድረስ ይሰማል። ከቤቷ ደጃፍ ሲጫወቱ የነበሩት ሁለቱ ልጆቿም ዝናብ መጣ ብለው ተያይዘው ወደ ውስጥ ሮጡ።